“መርዝ” የምትለው ቃል ያሳደደቻቸው እህታችን

እህታችን ከነርስ እናታቸውና ከአናጢ አባታቸው፣ እናታቸው ከሚሠሩበት ሆስፒታል ጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ልብስ ስፌት ተማሩ፤ መቀስ ሲይዙ ጨርቁ ራሱ የሚታዘዛቸው ይመስል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ወደ አማቶቻቸው ግቢ ገቡ።

በ1988 ዓ.ም. የወለዷት ሴት ልጃቸው በአምስተኛ ወሯ ሆዷ አብጦ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሞተችባቸው። ሐኪሙ በችኮላ “ጉበቷ ውስጥ መርዝ ተጠራቅሟል” አሉ። ቤተ ዘመዱ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዷን ቃል ብቻ አንጠልጥሎ ወጣ። አማታቸው “ጡጦውን የምታዘጋጀው ማን ነበረች?” ብለው ጠየቁ፤ ማን እንደነበረች ግቢው ሁሉ እያወቀ። ከዚያ ወዲያ እህታችን ያፈሉትን ሻይ ራሳቸው ቀድመው ሳይቀምሱ የሚጠጣላቸው ጠፋ። ባለቤታቸውም ዝም አሉ፤ ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልወደድነውም።

በ1991 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ሲወለድ አማታቸው ጡጦውን ነጥቀው ራሳቸው ያጠጡት ጀመር። ሕፃኑም በእሳቸው እጅ እያለ ሆዱ አበጠ። እህታችን ክፉ ቃል ሳይናገሩ ልጁን አቅፈው ሌላ ሆስፒታል ሮጡ። እዚያ ያገኟቸው ሐኪም ተረጋግተው አስረዷቸው። በወተት ውስጥ ታይሮሲን የሚባል፣ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ አለ። ሰውነት እሱን ሲፈጭ የመጨረሻዋን ቁራጭ በውሃ የሚሰነጥቀው ሃይድሮላዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። እሱ ከሌለ ቁራጯ ጉበት ውስጥ መርዝ ትሆናለች።

“መቀሱ ጠፍቷል በሉኛ!” አሉ እህታችን።

“አዎ። ጉድለቱ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ በልጅ ላይ አይታይም” አሉ ሐኪሟ።

ልጁ በመድኃኒትና ፕሮቲን በተቀነሰለት ምግብ አደገ፤ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አማታቸው ይቅርታ አልጠየቁም። ጡጦውን ብቻ መለሱ።

እህታችን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውና ልጃቸው፣ ይህን የጻፍነው ታናሽ ወንድማቸውም በሐዘን ቀርተናል። ትናንት ለቅሶው መሐል “ምን በልተው ነበር?” ሲባል ሰምተናል። ሲያክሟቸው የቆዩት ሐኪም ያሉት ኩላሊት ነው፤ ዛሬም ሌላ ቃል አንጠልጥላችሁ እንዳትወጡ አደራ።

ሁሉን የሚያውቅ፣ ስለዚህም ማንንም የማይጠረጥር አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ።