የጠና ቲማቲም

ሚያዝያ 18 ቀን 1958

ዛሬ ዝናብ የለም። ልብስ አጠብኩ፣ ጓሮ ኮተኮትኩ። ቲማቲሙ አብቧል። ጠና ወንጂ ለሸንኮራ ቆረጣ ሲሄድ በእጁ የተከለልኝ ነው። "ይሄ ሲቀላ እኔም እመጣለሁ፤ ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል" ብሎኝ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ባሌ ቲማቲም ሲበላ ጨው እንኳ አያስነካውም። እዚያው ጓሮ ቆሞ፣ ጭማቂው በክንዱ እየወረደ... ኧረ አሁን ምን አስታወሰኝ?

ከቲማቲሙ ሥር አንድ ነገር በቅሏል። ቅጠል የለው፣ አረንጓዴ ነገር የለው። አበባው ብቻ ሐምራዊ። ያምራል። ተውኩት።

ሚያዝያ 27

ያማረው አበባ በዛ። ቲማቲሙ ግን ጠወለገ፣ ይሄን ሁሉ ዝናብ እየጠጣ! ቆፍሬ ባየው የቲማቲሙን ሥር ነክሶ ይዞታል። ለካ በሰው ቤት ነው የሚበላው።

አማቴ መጥተው አዩት። "የማሽላ አቀንጭራ ዘመድ ነው። አንቺ ደግሞ አበባ ብለሽ ታሳድጊዋለሽ?" ሳቁብኝ። ለአማት መልስ አይሰጥም። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን ማን ይሰማኛል... አስናቀች! አስናቀች! እፎይ።

ሁሉንም ነቅዬ እንሰቱ ሥር ጣልኩት። ከቤት የሚወጣው ሁሉ፣ አመዱም ፍጉም፣ እዚያው አይደል የሚጣለው?

ግንቦት 6

ይበርታ ብዬ ከእንሰቱ ሥር ፍግ ዝቄ ለቲማቲሙም ለጎመኑም አለበስኩ። ወገቤ!

ግንቦት 25

ዝናብ፣ ዝናብ። የቲማቲሙን ቅጠል ገልበጥ ባደርገው ነጭ ሻጋታ። አመድ ነሰነስኩ። ዝናቡ አጠበው። ደግሜ ነሰነስኩ። ጸለይኩም። ለቲማቲም መጸለይ ነውር ነው? ለቲማቲሙ ብቻ እንዳልሆነ ጌታ ያውቃል።

ሰኔ 20

ያ አረም ጓሮውን ሞላው። ጎመኑ ሥር ሳይቀር። በገዛ እጄ ዘራሁት! ዘሩ ትቢያ ነው፤ ፍጉ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀኝ።

አማቴ ዛሬ አልሳቁም። "ንቀይና አቃጥይው። ቲማቲሙንም ጭምር።"

"ጠና ሳይመጣ?"

ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ። ለእሳቸውም እኮ ልጃቸው ነው።

ነቀልኩ። አንዱን የቲማቲም እግር ግን አልቻልኩም። ሦስት ፍሬ ይዟል... አንዱ ፈገግ ማለት ጀምሯል። ሲቀላ እመጣለሁ አላለም?

ሰኔ 27

ከወንጂ የሚመለሱት ዛሬ ይገባሉ ሲሉ መናኸሪያ ወረድኩ። ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ። አውቶቡሱ መጣ። ከጠና ጋር የሄደው የጃጁራው ተረፈ ወረደ፣ ሌሎቹም ወረዱ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቆምኩ።

"ጠና የክረምቱን የቦይ ጠረጋ አገኘ፤ እስከ ፋሲካ አይመጣም። ሰላም በልልኝ ብሏል" አለ ተረፈ።

"ቲማቲሙ ደረሰ ወይ አላለም?"

"የምን ቲማቲም?"

ባዶው አውቶቡስ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ባለ ሱቋ እትዬ ትርፊት ጠርታ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ አረሙንም። ተነስታ ነጭ ሽንኩርት በወረቀት ጠቀለለችልኝ።

"ይሄን ትከይ። ያ አረም ነጭ ሽንኩርት ሲነካ አላየሁም።"

"ጠና ሽታውን አይወድም። ቤቴ እንዳይገባ ብሏል።"

"እና ሸትቶት ነው ወንጂ የሄደው?"

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ።

ሐምሌ 3

አንዷ ቀላች። ሁለቱ በሻጋታ ጠቁረው ወድቀዋል። የቀላችውም በአንድ ጎኗ ተበላሽታለች። ክፉውን ቆርጬ ጣልኩና የተረፈውን ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹን ለአማቴ። ጓሮ ቆመን ያለ ጨው በላን። ጣፋጭ ነበረች። ይሄ ነው ያበሳጨኝ።

ከዚያ የመጨረሻዋን እግር ነቀልኩ። እርጥቡ አልቃጠል ሲለን አማቴ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አመጡ። ጭሱ ሁለታችንንም አስለቀሰን። ጭሱ ነው ተባባልን።

ሐምሌ 6

መደቡን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩት። አንድ ጥግ እንኳ አልተውኩም። እሱ እስኪመጣ ጓሮው ይሸታል፣ ቤቱ ይሸታል፣ እጄም ይሸታል። ገና ከደጅ አፍንጫውን ይዞ ይጮህብኛል።

ምነው መጥቶ በጮኸብኝ።