ዓለም ጤና ስትደርሱ

ኤቢሴ፣

ዳቦ ልትገዢ እንደወጣሽ ገርባ መኪናውን ይዞ መጣ። «ኤቢሴን ባቱ ልወስዳት ነው፤ ከሰኞ ነው የተቀጣጠርነው» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው፣ አትቆጪው።

ለእኔማ ማታ «ሆዴን አሞኛል፣ ዓለም ጤና እናትሽ ጋ አልሄድም» ነበር ያልሽኝ። ዝንጅብል አፍልቼ ያጠጣሁሽ እኔ! ከዚያ በፊትም «ሚኒባስ ከኋላ ከተቀመጥኩ ያስመልሰኛል» ስትዪ ረዳቱን ለምኜ ጋቢና ያስያዝኩልሽም እኔ!

መኪና ይሻለኛል ብትዪኝ አልቀየምሽም ነበር።

ዛሬ የውሃ ተራችን ነው፤ ጀሪካኑን ሳትሞዪ እንዳትወጪ። ቁልፉን ለእትዬ ዲንቄ ስጪልኝ። ሻምፖሽን ጨርሼብሻለሁ፣ ይቅርታ።

እማዬ ሽንኩርት የምትሸጠው ወደ ባቱ የሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ዛሬ አንቺን ነው የምትጠብቀው። ታማ ቀረች ብዬ እዋሽልሻለሁ።

ዓለም ጤና ስትደርሱ ግን መስኮቱን ዝጊው።

ኮከብ