ሱሪ የለበስኩበት መጽሐፍ

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ቤቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ዓይኔ ግን ምንም አልሆነም፤ ይህ ለአንቺ መልካም ዜና አይደለም።

የላክሽው ረቂቅ ደርሶኛል። አንቺ «ግራፊክ ኖቭል» የምትይውን የሥዕል ታሪክ እኛ በልጅነታችን ኮሚክ እንለው ነበር። መምህራችን ጠረጴዛ ሥር ካገኘችው ቀዳድዳ ትጥለው ነበር። ስሙ ሲረዝም ክብሩ የጨመረ መስሎሻል። ቢሆንም እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ቀይ እርሳሴን ቀርጬ አነበብኩት። «አክስቴ፣ እንዲያው ዝም ብለሽ እይልኝ» ያልሽውንም አይቻለሁ። ዝም ብዬ ማየት አላውቅበትም። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር አንቺ የት ነበርሽ?

ከትንሹ ልጀምር። አያትሽ፣ አባባ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እያነሱ የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። በሥዕልሽ ላይ በጣታቸው የያዙት የእርሳስ ፊደል እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል። የማተሚያ ፊደል የተገለበጠ ነው፤ የሚቀናው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። ማኅተም ያየ ሕፃን ያውቀዋል። ለአርታኢሽ ደውዬ ይህን ብነግረው «እማማ፣ ለልጆች እኮ ነው፤ ማን ያስተውለዋል?» አለኝ። የሚያስተውሉትማ ልጆች ናቸው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ሳያይ የሚያልፈው እንደ እሱ ያለው አዋቂ ነው። እማማ ማለት ካማረውም እናቱን ይበል።

ጀግናሽ ደግሞ! ሙሉ ሳጥን የእርሳስ ፊደል ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ አጥር ዘሎ ይሮጣል። ወታደሮች ከኋላው ይተኩሳሉ። «ጧ! ጧ!» ለማለት ብቻ ግማሽ ገጽ ፈጅተሻል። ያንን ሳጥን ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው ቢያነሱት ወገባቸውን ይዘው ነው የሚያስቀምጡት። ልጁ ግን ፈገግ ብሏል።

ከሁሉ የባሰው ልጁ ራሱ ነው። ይህ ወንድ ልጅ ማን ነው? መግቢያሽ ላይ «በልጅነቱ ያረፈው አጎቴ» ብለሻል። እናትሽና እኔ ወንድም አልነበረንም። ያልተወለደ ሰው ገደልሽ፣ በሌለ መቃብር ላይ አለቀስሽ፣ የመጽሐፉን መታሰቢያነት ሳይቀር ለእሱ ሰጠሽ። ታሪካዊ ልብ ወለድ ማለት ይህ ከሆነ፣ እግዜር ለታሪክ ይድረስለት።

ከየት እንዳመጣሽው ግን ገብቶኛል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታስተኛሽ የምትነግርሽ ነገር ነበር፤ ወታደሮች ማተሚያ ቤቱን ሲከቡ አባባ «አንተ፣ ሂድ ወደ ቤት» አሉ የሚለውን። አምስት ዓመት ሳይሞላሽ ስለሞተች ከእሷ አፍ የቀረሽ ይኸው ብቻ ነው። «አንተ» ከተባለ ወንድ ነው ብለሽ ሱሪ አለበስሽው።

ሱሪ ያለበስሽው ልጅ እኔ ነኝ።

እንግዲህ በደንብ ስሚ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም የምነግርሽ ስህተት ታትሞ ከሚወጣ ብዬ ነው። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደ ልማዴ ማተሚያ ቤት ጎራ አልኩ። አባባ መንግሥት የከለከለውን ጽሑፍ ይለቅሙ ነበር። የለቀሙትን ጥቂት የፊደል መስመር በክር ጠፍረው አስረውታል። መጠኑ ከሳሙና አይበልጥም፤ ሲያነሱት ግን እጅ ይጎትታል። ወታደሮቹ በሩን ያዙ። ያ ነገር ቢገኝ አባት አልነበረንም። አባባ ከቀሚሴ ሥር፣ ወገቤ ላይ ሸጎጡት። ይቀዘቅዝ ነበር። በር ላይ ወንዱን ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይሉ፣ ኪሱን እያስገለበጡ ይፈትሻሉ። ሴት ልጅን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮ? ወንድ ብሆን ኖሮ መጽሐፍሽ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልቅ ነበር።

አባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ፣ ሂድ ወደ ቤት፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» አሉኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚሉኝ፤ አንተ፣ ና፣ ብላ፣ ተኛ። የወደዷትን ሴት ልጅ እንደ ወንድ መጥራት በየቤቱ ያለ ነው። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ግን እውነት ወንድ ልጅ መስሎት ከኋላዬ ቢያይ፣ ጠረጴዛ ሥር ቢያጎነብስ፣ ማንም የለም። ቁልቁል ሲያየኝ ሁለት ጉንጉንና ቀሚስ። ሳቁን ለቀቀው። «ይቺ ናት እንዴ አንተ?» ብሎ በሩን በእግሩ ገፋልኝ፤ «በል ሂድ፣ አንተ!» እያለ። ሄድኩ። አልሮጥኩም፤ የሮጠ ይያዛል። ወገቤ ላይ የነበረው እርሳስ ቤት እስክደርስ ሞቆ ነበር።

ያለ ተኩስ ለሥዕል አይመችም ትይኝ ይሆናል። ያልተመቸው ሠዓሊ ሌላ ሙያ ይፈልግ።

የሚገርመኝ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ለልጆች የጻፈች ሴት፣ «አንተ» የተባለው ሰው ሴት ልጅ ሊሆን እንደሚችል እንዴት አይታያትም? ማንም በቤቱ የሚሰማው ቃል እኮ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ ሻዬም ቀዘቀዘ።

እናትሽ አንተ ነበር የምትልሽ። አታስታውሺም። እሷ ሞታ እኔ ዘንድ በመጣሽ ሰሞን፣ ጫማሽን ሳስርልሽ፣ «አንተ በይኝ» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም ሴት አንቺ እንደምትባል አስረድቼ አረምኩሽ። ትክክል ነበርኩ።

በይ እንግዲህ። ሱሪውን አውልቂ፣ ጉንጉኑን ሥሪ፣ ፊደሉን ገልብጪ፣ አጥሩን አፍርሺ። አጎትየውን ወደ መጣበት መልሽው። መታሰቢያነቱን ለማን እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላዘዝኩም።

ዕድሜን ከጤና ጋር ያድልሽ። እጅሽ ይባረክ፤ ለመሰረዝም ቢሆን።

የታረመውን በፖስታ እንዳትልኪ። ይዘኸው ና። ምሳ ሳትበላ ና። ታች ሆነህ ጥራኝ፤ በሩን እኔው ወርጄ እከፍትልሃለሁ።

አርታኢህ ይህን አይቶ ሊያርም ቢነሳ፣ አክስቴ ሰዋስው ታውቃለች በለው።

አክስትህ