የወንበር ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 – ከሥራ መልስ

ፎቶ አንድ። ንባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር ያለው ወንበር። ሰው የለበትም፣ ደብተር ተቀምጦበታል። ተማሪዎቹ በጧት ደብተር ያስቀምጡና ቁርስ ይሄዳሉ። ወንበር ያዝን ይላሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እኔ ነኝና ደብተሩን ማንሳት ነበረብኝ። ፎቶ አነሳሁት።

የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ስልክ ላይ ባለን ቡድን ለሳምንቱ የመረጡት ቃል «ወንበር» ነው። በየቀኑ አንድ ፎቶ፣ በየቀኑ ሌላ ትርጉም። ዘጠኝ ሰው አየልኝ። አንዱ አውራ ጣት ላከ። የዛሬ ጨዋታዬ ይኸው ነው፣ ደብተሬ። ለነሱ ያልነገርሁትን ላንቺ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ 4

ፎቶ ሁለት። ወደ ማራኪ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ፣ ከኋላ ጥግ። ረዳቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ይጣራል። ለብቻ የመሄድ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ የመጨረሻዋ ወንበር ሁልጊዜ የኔ ናት። ይኼን ጽፌ ላክሁ። ሳቁልኝ። እኔ ግን ብዙም አልሳቅሁ።

ረቡዕ 5

ፎቶ ሦስት። ከአጥሩ ማዶ ያለው የእድር ወንበር። ፕላስቲክ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ ጀርባው ላይ ቀይ ቀለም። የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ አያ ሙጬ፣ ስልኬን ስደቅን አዩኝ። ምነው የሐዘን ወንበር ታነሻለሽ፣ የሞተብሽ አለ ወይ አሉ። የለም ብዬ ሳቅሁ። ሁለት ዓመት አጥር ተጋርተን የመጀመሪያው ወሬያችን ይኼ ሆነ። ግቢና አረፍ በይ አሉኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምሁ። በራሴ ተናድጃለሁ።

ሐሙስ 6፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ፎቶ አራት የኔ አይደለም። ፌስቡክ ስከፍት መጣ። የጠፍር ወንበር፣ ነጠላ ጣል የተደረገበት። ግራ መደገፊያው ላይ ጭረት አለ። እኔ ነኝ የጫርሁት፣ በልጅነቴ፣ በቢላ። አባቴ አዲ አርቃይ አጠገብ ባለች ቤ/ክ ወንበር ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማረበት ነው። ከሥሩ አንድ የድሮ ተማሪው ጽፏል፦ የኔታ፣ ነፍስዎን ይማር፣ ወንበርዎ ባዶ ቀረ። ትናንት ተቀበሩ ይላል።

ትናንት። እኔ አጥር ላይ ስስቅ።

ወደ ንባብ ክፍል ተመለስሁ። የተመለሱ መጻሕፍትን መደርደሪያ ውስጥ አስገባሁ። ሁሉንም በየቦታቸው።

ሐሙስ፣ 11 ሰ.

ወንድሜ ደሳለኝ ደወለ። አባባን ጉንፋን ቢጤ ይዞታል፣ ግን ደህና ነው አለ። ድምፁ ሻክሯል። መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው። ለሌላው መርዶ ስንደብቅ እኔም አብሬ ደብቄያለሁ፣ ስለዚህ አላሳፈርሁትም። እግዜር ይማርህ በልልኝ አልሁት። ልምጣ ወይ ስለው መንገዱ ተዘግቷል አለ። ይቺን እንኳ አልዋሸም።

ከዚያ የጎረቤት ስልክ ቁጥር ስጪኝ አለ። ማር የሚያደርስ ሰው አግኝቻለሁ፣ አንቺ ሥራ ስለምትውይ ለነሱ ይስጥልሽ። መንገዱ ተዘግቶ ማር? ገባኝ። የሚያረዳኝ ሰው እየፈለገ ነው።

የማንን ልስጠው? ስልኬ ውስጥ አንድም ጎረቤት የለም። ነገ እልክልሃለሁ አልሁ።

ዓርብ 7

ፎቶ የለም። ምነው ጠፋሽ ያለኝም የለም።

አለቃዬ ፊቴን አይቶ አሞሻል ወይ አለ። ምን ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ? አልሰማሁም እኮ። ጥቁር መልበስም አልችልም። ማልቀስ እንኳ… ክፍሌን ዘግቼ ሞከርሁ። ብቻዬን ባለቅስ ማን በቃሽ ተይ ይለኛል? ተውሁት። ደሳለኝ ሁለቴ ጻፈ። ቁጥሩስ ይላል።

አባባ፣ ናፍቀኸኛል። ለፋሲካ አልመጣሁም። ለዘመን መለወጫም አልመጣሁም።

ቅዳሜ 8፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አያ ሙጬ ቤት ሄድሁ። የወንበሮቹን ፎቶ ላሳይዎ ብዬ። ከድርድሩ አንድ ወንበር አውርደው በእጃቸው ጠርገው ሰጡኝ። ባለቤታቸው የሽምብራ ቆሎ አቀረቡ። ሀገሬን ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። አባትሽስ አሉ። ቆሎውን አኘክሁ።

ወንድሜ ዕቃ ሊልክልኝ ነው፣ ስልክዎን ይስጡኝ አልሁ። አያ ሙጬ ቀና ብለው አዩኝ። የእድር ወንበር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ያውቁታል። ቁጥሩን ቀስ እያሉ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ።

«ነገ ጧት ቤት ነሽ፣ ልጄ?»

ነኝ አልሁ። ቁጥሩን ለደሳለኝ ላክሁለት።

እሑድ 9፣ ንጋት 12 ሰ.

ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። በሩን አልቆለፍሁም።

ከአጥሩ ማዶ ድምፅ አለ። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲላቀቅ። እንዳልሰማ ቀስ ይላሉ፣ ግን ይሰማል። እየቆጠርሁ ነው። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አራት ወንበር። ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ለኔ ብለው በማለዳ የተነሡ። ፎቶ ላነሳ አማረኝ፣ ስልኩን አጠፋሁት።

የሴቶች ሹክሹክታ። እግር ወደኔ እየመጣ ነው። አያ ሙጬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አንኳኩ። አባባ፣ መርዶህን ልሰማ ነው፣ አሁን…