ጓይላው እስኪያልቅ የማይሞት ላፕቶፕ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ሞተ። የመሞቻ ሰዓት ሲመርጥ ደግሞ! ትናንት ሙሽሮቹ የአዳራሹን በር አልፈው ሁለት እርምጃ እንደገቡ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያጨበጨበ፣ ላፕቶፔ ስታክ አደረገ። አንዷን የክራር ድምፅ ጥጥጥጥ እያለ ደጋገማትና ጠቆረ። አፈር ይብላ።

ኪቦርዴ ለብቻው ድምፅ የለውም። ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ከበሮውም ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። እሱ ሲጠፋ እኔ ጠረጴዛ የምደበድብ ሰው ነኝ። ድራመራችን ኪሩ ብቻውን እየደበደበ ሙሽሮቹን አስገባቸው። የሙሽራው አክስት ደግሞ እልልታቸውን አቀለጡት፤ እግዜር ይስጣቸው።

የባንዱ አለቃ ጋሽ ታምራት አልተቆጡም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ሳክስፎናቸውን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኙ፣ "ፌቨን፣ የፊታችን እሑድ የቅበላ ሰርግ ነው። እዚያም ዝም ካልሽብኝ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ከቅበላ በኋላ ጾም ነው፣ ሁለት ወር ሰርግ የለም። በዚያ ሁለት ወር ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ልምምድ ይጀምራል። እዚህ ባንድ ለመግባት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ።

ያጠራቀምኩት ለአንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ከተሳሳትኩ መመለሻ የለኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የምፈልገው፦
– መሀል ላይ ስታክ የማያደርግ
– የኪቦርዱ መሰኪያ የማይላወስ
– ሙሽራ ፊት "ራሴን እያደስኩ ነው፣ ጠብቂ" የማይለኝ
– እሑድ የማይሞት

አራተኛው ያው የመጀመሪያው ነው። ይሁን።

ከኪሩ ጋር ደምበል ሄድን። አንዷን አየሁና ቀልቤን ወሰደችው። ቀጭን፣ አዲስ፣ የደብተር ያህል የምትቀል። ሻጯ ጆሮዬ ላይ አስጠጋችልኝ። "ስሚያት፣ ምንም ድምፅ የላትም። ፋን የሚባል ነገር የለባትም" አለች። አንድ ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሞከርኩ። ማሲንቆው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚመታልኝ መሰለኝ።

ኪሩ፣ "በቃ ውሰጃት! ማለቴ፣ ስቴጅ ላይ ራሱ ታስከብርሻለች" አለኝ።

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የእማዬ ድምፅ መጣብኝና ወጣሁ። ደግነቱ የኪሩ እህት ያንኑ ዓይነት አላት። ለሐሙስ ልምምድ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

የሞተውን ይዤ አብዱ ጋ ሄድኩ። ድሮ ካዛንቺስ ነበር የሚጠግነው፤ ሱቁ ሲፈርስ ወደ ኡራኤል መጣና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ክፍል ተጋራ። ከፈተው፣ አሸተተው። "ነፍስ ይማር" አለኝ። አብዱ አይዋሽም።

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ ላፕቶፕ ጎተተ። "ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ነው። ውስጡን አጽድቼዋለሁ፣ ሜሞሪም ጨምሬበታለሁ። መልኩን አትይ።" መልኩንማ እንዴት አላይም? ሲነሳ ፋኑ ጮኸ፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ዞር ብሎ አየን።

"መታወቂያሽን ተይልኝና ሁለት ቀን ሞክሪው" አለ አብዱ። ስለዚህ ይኸው መታወቂያ የሌላት ሴት ሆኜ፣ ጡብ የሚያክል ነገር ተሸክሜ ታክሲ ተሰልፌ መጣሁ። ትከሻዬ አሁንም ያመኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ልምምድ፣ ቂርቆስ፣ ጋሽ ታምራት ቤት። የእሑዱን ዘፈኖች በሙሉ አንዴ በቀጭኗ፣ አንዴ በወፍራሙ ተጫወትኩ። ሁለቱም አላሳፈሩኝም። ችግሩ ትዝታው ላይ መጣ። ሁላችንም ቀስ ስንል የወፍራሙ ፋን ማይክ ውስጥ ገባ። ዘፋኛችን ዳዊት አቋርጦ፣ "ምንድነው ይሄ፣ ጄኔሬተር ነው?" አለ። ተሳሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አልሳቅኩም።

ጋሽ ታምራት፣ "ቀጭኗን ያዢ" አሉ። አለቀ፣ ተወሰነ። ነገ ደምበል ሄጄ እገዛለሁ። ከእሑድ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ልወጣ ጫማዬን ሳስር እማዬ የማን ሰርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙሽሮቹ ሁለቱም ከትግራይ ናቸው፣ እንደ እኛ፣ አልኳት።

"እንግዲያው ጓይላ አለ።"

"አዎ፣ ተለማምደነዋል። አምስት ደቂቃ ነው።"

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት ስለሠራች ቶሎ አትስቅም። ሳቀች። "አምስት ደቂቃ? በአምስት ደቂቃማ የጨፋሪው ክብ ራሱ አይሞላም! የአጎትሽ ልጅ ሰርግ ላይ እኔ ሁለቴ ተቀምጬ አርፌ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ያው ጓይላ ነበር።"

በቁሜ ደረቅኩ። ጓይላ ውስጥ እየተሽከረከርኩ ያደግኩ ልጅ እንዴት ይሄን እረሳለሁ? ልምምድ ላይ የሚጨፍር የለም፣ የሚሸልም የለም፣ ዘፈኑ በሰዓቱ ያልቃል። ሰርግ ላይ ግን ሸላሚ እስካለ ዳዊት አያቆምም። የዳዊትን ግንባር ብር ሸፍኖት ዘፈን ያቋረጠበት ቀን የለም።

ጫማዬን አወለቅኩ። የኪሩ እህት ላፕቶፕ እኔ ጋ ስለነበር ከቀጭኗ ጀመርኩ። ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ጓይላውን ሳላቋርጥ። እማዬ ሰዓት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ፣ ሰላም። ሃያ ሦስተኛው ላይ ድምፁ እንደ ቆሎ መንጣጣት ጀመረ። ከሥሯ ብነካት አቃጠለችኝ። ፋን የላትማ፣ ሙቀቱን በየት ታውጣው! ጥቂት ቆይታ ከበሮው ተንገዳገደ፣ ቆመ።

ወፍራሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ፣ አንዲት ምት ሳይስት። ጣቶቼ ደነዘዙ።

እማዬ ሰዓቷን አስቀመጠችና "ኣጆኺ" አለችኝ። በትግርኛ የምታበረታታኝ ከልቧ ሲሆን ነው። ወደ ኡራኤል ሮጥኩ። አብዱ ከጁምዓ እስኪመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ገዛሁት፣ መታወቂያዬንም ወሰድኩ።

አብዱ ሲሸኘኝ፣ "ባትሪው ደካማ ነው፣ ከሶኬት እንዳትለይው" አለኝ። አሁን ነው የሚነገረው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ለጋሽ ታምራት ደወልኩ። "ቀጭኗን አላልኩሽም?" አሉ። ስለ ጓይላው፣ ስለ ሙቀቱ ሁሉንም ተነፈስኩ። "አንቺ ታውቂያለሽ" አሉና ዘጉት። በዚያ ፋንታ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለፋኑ መላ፦ ላፕቶፑን ከኪሩ ድራም ኋላ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ማድረግ፣ ከማይክ አርቆ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ። የቻርጀሩ ገመድ ግን እጥር ብሎ ይወጠራል። በፕላስተር ከወለሉ ጋር እለጥፈዋለሁ። ራሱን እንዳያድስ ዘግቻለሁ። ኢንተርኔቱንም። ዘፈኖቹን ሦስቴ አይቻለሁ። አራተኛ ላይ እማዬ ክዳኑን ዘጋችብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ክራሩ ሠራ። ትዝታው ላይ ፋኑ አልተሰማም። ምሳ ተበላ። ከዚያ ጓይላው ተነሳ፣ እማዬም እንዳለችው አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሰዉ ገና ከወንበር እየተነሳ ነበር። ሃያ ደቂቃ። ሠላሳ። ክቡ አዳራሹን ሞልቶ ስቴጁን ታከከ። የዳዊት ግንባር ብር በብር ሆነ።

አንድ የሙሽሪት አጎት ሊሸልሙ ሲወጡ እግራቸው ገመዱን ጠለፈው። ፕላስተሩ ተላቀቀ። ስክሪኑ ደብዘዝ አለ። የባትሪዋ ምልክት ዘጠኝ በመቶ አለች። ወዲያው ስድስት።

ቀኝ እጄ ማሲንቆው ላይ፣ ግራዬ ከበሮው ላይ። አንዱን ባነሳ አለቀልኝ። ኪሩ ዱላውን ቢጥል ጓይላው ያልቃል። "ዳዊት!" ብዬ ጮህኩ፣ ማን ሊሰማኝ። አራት። ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው ሳክስፎናቸውን ይነፋሉ፣ የራሳቸው ተራ ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊቴን አዩት። ከዚያ ስክሪኑን።

ሳክስፎኑን ከአፋቸው አወጡ። በራሳቸው ተራ! ደረጃ ሲወጡ የሚያማርሩበትን ጉልበታቸውን አጥፈው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። በሚረግጠው እግር ሁሉ መሀል ገመዱን በእጃቸው እየዳበሱ ሶኬቱ ወዳለበት ከጠረጴዛዬ ሥር ገቡ። ሰዉ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። እኔ የማየው ቁጥሯን ብቻ ነበር። ሁለት።

ስክሪኑ ቦግ ብሎ በራ።

ከዚያ በኋላ ጓይላው ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። መጨረሻው ላይ ምቱ ሲፈጥን እያለቀስኩ ነበር የምመታው፣ አላፍርም። ላፕቶፑ አንዴም አልሳተም።

ዕቃ ስንጭን ጋሽ ታምራት አጠገቤ መጡ። ምስጋና መጀመሬን በእጃቸው አቋረጡኝ።

"ረዘም ያለ ገመድ ግዢ" አሉ።

"ለመቼ?"

"ለዳግማይ ትንሣኤ ነዋ። ሰርግ ይዘናል።"

ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ነጭ አቧራ እንደያዘ፣ ሳያራግፉት፣ እያነከሱ ወደ መኪናው ሄዱ።