በሦስት ደብተር አምስት ዓመቷ

በእናት ምትክ ላሳደጉኝ እህቴ ለእትዬ የትነበርሽ፦

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ ሻል አለልዎ? የናዝሬት ሙቀት፣ የቤቱ ጣጣ፣ የልጄ አመል እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። በልቤ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ደህና አይደለሁም።

እዚህ ሆላንድ የምሠራበት ሆቴል አልጋ ከማንጠፍ አንስቶ እንግዳ መቀበያ የሚያስቀምጠው እንግሊዝኛ የሚችለውን ስለሆነ፣ ከሥራ ስወጣ ትምህርት እንደምገባ ጽፌልዎት ነበር። እንግሊዞች ነገን የሚናገሩበት መንገድ አንድ አይደለም፤ አሁን ብልጭ ላለ ሐሳብ ሌላ፣ አስበው ላደሩበት ሌላ፣ ቀን ለቆረጡለት ሌላ። እኛ «እግዜር ካለ» ብለን የምንገላገለውን እነሱ ሦስት ቦታ ከፍለው ያስለፉናል። ረቡዕ ማታ አብረውኝ የሚማሩት የአስመራው ጋሽ ወልዳይ እግዜርን የቱ ጋ ላስገባው ብለው ቢጠይቁ፣ መምህሯ ለፈተናው አያስፈልግም አለቻቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሳቁ ሳይበርድ መምህሯ ቁም ሣጥን ስታጸዳ ያገኘቻቸውን የድሮ ደብተሮቻችንን አደለችን። በየዓመቱ እየወደቅሁ ስለምደግም ለእኔ ሦስት ደረሱኝ። ስለሚመጣው ዓመት ጻፉ ተብለን የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ። «ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ። ልጄን ጥሩአየሁን አቅፌ እስማታለሁ። አምስት ዓመቷ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ገለጥኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

በሦስቱም፣ ልክ ትቻት እንደወጣሁት፣ አምስት ዓመቷ ነው እትዬ! በሦስቱም አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል የሚል ምልክት አለበት። እናት የልጇን ዕድሜ ትረሳለች? እርስዎ ጥርሷ ወለቀ፣ ሁለተኛ ክፍል ገባች እያሉ ሲጽፉልኝ እኔ ምን እያነበብኩ ነበር? እሷንስ በየዓመቱ ላም አለኝ በሰማይ ማስጠበቄ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? የማልመጣበትን ምክንያት እርስዎ ያውቁታል፣ በደብዳቤ አይጻፍም። እኔም ሳውቀው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ያደረግሁትን እንጂ የማደርገውን አልጽፍልዎትም። ሐሙስ ጠዋት በትራም ወደ ውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ልጄ እኔ ዘንድ እንድትመጣ የሚጠይቀውን ቅጽ ሞልቼ ፈረምኩ። ይሳካል አልልም። ሳላማክርዎ ማድረጌ ድፍረት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ያሳደጓትን ከጉያዎ መንጠቅ መሆኑም አልጠፋኝም። ይቆጡኝ፤ ግን ዝም አይበሉኝ።

የባለቤትዎን የጋሼ አሳምነውን ጉልበት ስሜያለሁ። ልጅዎን አበጋዝን ወንድነቱን እንዳያበዛ ይምከሩልኝ፤ ጎረቤታችንን እማማ ይመኙሻልንም ሰላም ይበሉልኝ። ለጥሩአየሁ ለፋሲካ እንደማልመጣ ይንገሩልኝ። ከዚያ በባዶ እግሯ ያቁሟትና የእግሯን ልክ በክር ለክተው በመልሱ ፖስታ ይላኩልኝ። ትናንት ጫማ ቤት ገብቼ ሻጯ ስንት ቁጥር ብትለኝ የልጄን ቁጥር አላውቅም ብዬ ወጣሁ።

ታናሽ እህትዎ ብዙወርቅ
ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር
ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.