ካራቫኗን ሳላንኳኳ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። የረገጥሽው ምድር ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ አላስነሳ ብሎታል።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ያቺን አሮጌ ካራቫናችንን፣ በመኪና የምትጎተተዋን ቤት፣ ለልጆች ልደት ድግስ ያከራየኋት እኔ፣ ከጎረቤታችን ከሹፌሩ ጋር ላመጣት የሄድኩትም እኔ ነኝ። አባትሽ መኪናው ላይ ከማሰሩ በፊት ግድግዳዋን እያንኳኳ «ማነው ውስጥ ያለው?» እንደሚል ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለሽ እዚያ ተደብቀሽ ስለምትተኚ የለመደው ነው። እኔ ደግሞ «በደንበኛ ፊት አታሳፍረኝ» እያልኩ ስስቅበት ኖርኩ።

ይዘናት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አባትሽ ደወለ። «አንኳኳሽ?»

«አዎ» አልኩት። ዋሸሁ።

ስልኩን ከመዝጋቴ ተከራይዋ ሴትዮ ደወለች። «ትንሿን ልጄን አጣኋት!» አለችኝ እየጮኸች።

«አቁም!» አልኩት ሹፌሩን። የካራቫኗ መቆለፊያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ በሯን የያዛት ሽቦ ነው። ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ሽቦው ተፈቶ በሩ ወለል ብሏል።

ሕፃኗ አልጋው ስር፣ አንቺ ትተኚባት በነበረችው ጥግ፣ ፊኛዋን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ወዲያው ለእናቷ ደውዬ «አገኘኋት» አልኳትና መልሰን አደረስናት።

ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አደራ፣ አንቺም እንዳታወጪው። ከዚያ ወዲህ ግን ግቢ ውስጥ ባዶዋን ቆማ እንኳ ጠዋት ጠዋት አንኳኳለሁ። እሱም በመስኮት እያየ «ማን አለ ብለሽ ነው?» ይለኛል።

መንገድሽን ያቅናልሽና ልጄ፣ እስቲ አንድ ቀን መጥተሽ ከውስጥ «አለሁ» በዪኝ።

እናትሽ